ተከታይ ፊልም ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ «ሃሎዊን ኤንድስ» እንደ ምሳሌ

በ«ሃሎዊን» ስም የተሠሩትን አሥራ ሦስት አስፈሪ ፊልሞች ሁሉንም አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹንም ከሚገባቸው በላይ ደጋግሜያቸዋለሁ። የጀማሪ ጸሐፊዎችን የፊልም ድርሰት ማንበብም ልማዴ ስለሆነ፣ በሽፋኑ ላይ «ክፍል ሁለት» የሚል የተጻፈበት ድርሰት እጄ ሲገባ ውስጡ ምን እንደሚጠብቀኝ ገና ሳልገልጠው መገመት አያቅተኝም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ለእይታ የበቃው «ሃሎዊን ኤንድስ» ያስከፋኝም እነዚያኑ የጀማሪ ስህተቶች ልምድ ባላቸው ሰዎች እጅ ተሠርተው በማየቴ ነው። ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንደምናገር ከወዲሁ እወቁልኝ።

ከሁሉ የሚቀድመው ስህተት የሚያስፈራውን ነገር ማስረዳት ነው። ጆን ካርፔንተር ከዴብራ ሂል ጋር ጽፎ በ1978 ያዘጋጀው የመጀመሪያው ፊልም የፈጀው 300,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ገዳዩ ማይክል ማየርስ የሚያጠልቀው ጭምብልም ከሁለት ዶላር ባነሰ ዋጋ የተገዛ፣ የ«ስታር ትሬክ»ን ገጸ ባሕርይ የካፒቴን ከርክን መልክ የያዘ፣ በኋላ ነጭ ቀለም ተቀብቶ የዓይኑ ቀዳዳ እንዲሰፋ የተደረገ ነበር። ከዚያ ጭምብል በስተጀርባ ምንም አልነበረም፤ አስፈሪነቱም እዚያ ላይ ነበር። ማይክል ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ እኅቱን በቢላዋ ይገድላል፤ ለምን እንደ ገደላት የሚነግረን የለም። በ1981 ግን በመጀመሪያው ፊልም ከእጁ ያመለጠችው ሎሪ ስትሮድም እኅቱ ናት ተባለ፤ ይህን የጻፈው ካርፔንተር ራሱ በኋላ ተጸጽቶበታል። በ1995 ደግሞ የምስጢር ማኅበርና የእርግማን ምልክት ተጨመረበት። እኔም ከዚህ ስህተት አላመለጥሁም። በአንድ አጭር ድርሰቴ በመስኮት በኩል ቆሞ የሚያይ ዝምተኛ ሰው ነበረ፤ በተከታዩ ክፍል ጨካኝ የእንጀራ አባት ፈጠርሁለትና ያነበበችው ጓደኛዬ «ውይ፣ አንጀቴን በላው» አለችኝ። ድርሰቱን ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።

ትዕግሥቴን ያስጨረሰኝ ግን ሁለተኛው ስህተት ነው፤ ይኸውም የመጨረሻውን ክፍል ተመልካቹ ለማያውቀው ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ጎርደን ግሪን በ2018 ከመጀመሪያው በቀር የነበሩትን ፊልሞች ሁሉ እንዳልነበሩ ቆጥሮ፣ የእኅትነቱንም ነገር ሰርዞ፣ ሎሪን ሆና የምትጫወተውን ጄሚ ሊ ከርቲስን ገዳዩን ለ40 ዓመት ስትጠብቅ የኖረች አያት አድርጎ ሲመልሳት ፊልሙ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በአሜሪካና በካናዳ 76 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ተመልካቹ ያን ገንዘብ የከፈለው ሁለቱን ፊት ለፊት ለማየት ነው። በ2021 በወጣው ክፍል ሎሪ አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ አሳለፈች፤ እኛም «ግድ የለም፣ የመጨረሻው ክፍል ይመጣል» ብለን ታገሥን። እሱ ሲመጣ ደግሞ ኮሪ ከኒንግሃም የሚባል፣ ስሙን እንኳ ሰምተነው የማናውቅ ወጣት ይዞልን መጣ! ማይክል ማየርስ የት ሄደ ቢባል፣ አራት ዓመት ሙሉ በፍሳሽ መውረጃ ቱቦ ውስጥ ደክሞ ተቀምጧል፤ ይባስ ብሎም ይህ ወጣት ታግሎ ጭምብሉን ይነጥቀዋል። በጥይትም በእሳትም ያልሞተውን ሰው ማለቴ ነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ለኮሪም ቢሆን ፍርዴ ሚዛናዊ ይሁን። የሚጠብቀው ሕፃን ለቀልድ ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ሲቆልፍበት፣ በሩን በርግጫ በርግዶ ሲወጣ ሕፃኑ ከደረጃው አናት ተወርውሮ የሚሞትበት መክፈቻ በፊልሙ ውስጥ ካሉት ትዕይንቶች ሁሉ የላቀ ነው፤ ተዋናዩ ሮሃን ካምቤልም ሥራውን ያውቃል። የራሱ ፊልም ይገባው ነበር። በ1982 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ማይክልን ጨርሶ ትቶ ሌላ ታሪክ በመናገሩ ተመልካቹ ቢቆጣም፣ ያኛው ቢያንስ የሎሪንና የማይክልን ፍልሚያ በትሬለሩ አላሳየንም። ጀማሪዎች ይህን ሲያደርጉ እረዳቸዋለሁ፤ አንድ ታሪክ ሁለት ዓመት ሲያቅፉት ይሰለቻቸዋል፣ አዲስ ሰው ሲፈጥሩ ደግሞ ልባቸው ይሞቃል። ያ ሙቀት ግን የጸሐፊው እንጂ የተመልካቹ አይደለም።

ኀዘንን መዝለልም አለ። ካረን የሎሪ አንድያ ልጅ ናት፤ በ2021ዱ ፊልም መጨረሻ ማይክል ገደላት። ቀጣዩ ፊልም አራት ዓመት ይዘልልና ሎሪን የዱባ ፓይ ስትጋግር፣ የሕይወት ታሪኳን ስትጽፍ ያሳየናል። ገዳዩ በእስር ላይ በነበረበት ጊዜ ቤቷን ምሽግ አድርጋ 40 ዓመት የጠበቀች ሴት፣ ልጇን ገድሎ በተሰወረ ጊዜ መንደር መካከል ቤት ገዝታ ተረጋግታ ትኖራለች። ይህን ለማሳመን አንድ ትዕይንት በበቃ ነበር፤ እሱም አልተጻፈም።

የፊልሙን መልእክት በገጸ ባሕርያት አፍ አታስጩኹ፤ በ2021ዱ ክፍል የከተማው ሕዝብ «ክፋት ዛሬ ሌሊት ይሞታል» የሚለውን መፈክር ሲደጋግም ሰምታችሁ ካልተሳቀቃችሁ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የመጨረሻው ስህተት ተመልካቹን በመሐላ ብዛት ለማሳመን መሞከር ነው። በ1998 ሎሪ የማይክልን አንገት በመጥረቢያ ቆረጠች፤ በ2002 በወጣው ፊልም የተቆረጠው የሌላ ሰው አንገት ነበር ተባልን። ከዚያ ወዲህ የማይክልን ሞት ማንም የሚያምን ስለሌለ፣ «ሃሎዊን ኤንድስ» ጉሮሮውንና የእጁን አንጓ በቢላዋ ካስቆረጠ በኋላ አስከሬኑን በመኪና አናት ላይ አስሮ፣ ሕዝቡን አስከትሎ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ግቢ ይወስድና አሮጌ መኪና በሚፈጭ ማሽን ውስጥ ይጨምረዋል። ከዚያ በፊት በወጥ ቤቱ ውስጥ የሚደረገው ፍልሚያ ጥሩ ነበር፤ ሎሪ ማቀዝቀዣውን ስትጥልበት ከመቀመጫዬ መነሣቴን አልክድም። ያን ለማየት ግን ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጠብቄአለሁ፤ ማሽኑ ሲዞርም የተሰማኝ ደረሰኝ እንደ ተቆረጠልኝ ያህል ነው።

በ1978ቱ ፊልም የማይክል ሐኪም የነበረው ዶክተር ሉሚስ ስድስት ጊዜ ይተኩስበትና ማይክል ከፎቅ ወርዶ ሣር ላይ ይዘረራል። ተመልሰው ሲያዩ ሣሩ ባዶ ነው። ካሜራው ቤቶቹን አንድ በአንድ ያሳየናል፤ ትንፋሹም ይሰማናል። ያን ፊልም ባየሁበት ሌሊት የኮሪደሩን መብራት ሳላጠፋ ነበር የተኛሁት፤ «ሃሎዊን ኤንድስ»ን ባየሁበት ሌሊት ግን ሁሉንም አጥፍቼ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ።