በፎስተር ኬር ላደጉ ተማሪዎች፦ በካሊፎርኒያ ኮሌጆች ኮርስ ቀድሞ ለመመዝገብ

በካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች) በፎስተር ኬር፣ ማለትም ከወላጆቻቸው ተለይተው በመንግሥት ኃላፊነት ሥር፣ ያሉና የነበሩ ተማሪዎች ከሌላው ቀድመው የመመዝገብ ሕጋዊ መብት አላቸው፤ የዕድሜው ጣሪያ 25 ነው።

የኮሌጁ ማመልከቻ ላይ ስለ ፎስተር ኬር ሲጠየቁ «አዎ» ይበሉ። ለፋፍሳ (ለፌዴራሉ የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) የሞሉት መልስ ምዝገባ ክፍል ላይደርስ ይችላል፤ ስለዚህ የፎስተር ተማሪዎችን ጉዳይ የሚከታተለውን ሠራተኛ ያነጋግሩ። ማስረጃ ከተጠየቁ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር እንደነበሩ የሚገልጽ ደብዳቤ ከካውንቲው ወይም ከክፍለ ግዛቱ የፎስተር ኬር እንባ ጠባቂ ይገኛል። ቀደም ብለው ይጠይቁ።

ብዙዎች ቅድሚያውን የሚያጡት ኦሪየንቴሽኑን (የአዲስ ተማሪዎች ገለጻውን)፣ ምዘናውንና የትምህርት ዕቅዱን ሳይጨርሱ በመቅረታቸው ነው፤ ሦስቱም ግዴታ ናቸው። ከዚያ ፖርታሉ (የኮሌጁ የተማሪዎች ድረ ገጽ) ላይ የምዝገባ ቀንና ሰዓትዎን ይዩ። ቀኑ ከሌሎች ጋር አንድ ከሆነ የፎስተር ተማሪ መሆንዎ አልተመዘገበም ማለት ነውና ያኔውኑ ይደውሉ። ያልተከፈለ ዕዳም ምዝገባውን ሊዘጋው ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ።