ቻርቱ አይነበብም? ከምልክቱ ወደ መፍትሔው

ቻርት ያለበት ሪፖርት ደርሷችኋል፤ ፋይሉ ይከፈታል፣ ስክሪን ሪደሩም (ማየት ለተሳነው ሰው ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) ይሠራል እንበልና እንቀጥል።

ምልክት፦ ስክሪን ሪደሩ «ግራፊክ» ብሎ ያልፋል

አብዛኛው ችግር ይኼ ነው። ምክንያቱ ቻርቱ ከኤክሴል ወደ ወርድ የተለጠፈው እንደ ፎቶ መሆኑ ነው። ቁጥሮቹ ኤክሴል ውስጥ ቀርተዋል፤ ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ደግሞ የፎቶ ቀለም አያነብም። ቻርት ሆኖ ቢለጠፍም፣ በቃላት የሚገልጸው መግለጫ (ኦልት ቴክስት) ከሌለው ብዙም አይሻልም።

መፍትሔው ቻርቱ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ «ቪው ኦልት ቴክስት» ነው። ጉዱ የሚጀምረው ሣጥኑ ውስጥ የሚጻፈው ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «አስተካክለናል» ብሎ የላከልኝ ሪፖርት ላይ ሁሉም ሣጥን «ቻርት» ይላል። ቻርት መሆኑንማ አውቀናል! ሌላው መሥሪያ ቤት ደግሞ ወርድ በራሱ የሞላውን የእንግሊዝኛ መግለጫ እንዳለ ትቶታል። እሱም የሚለው ያው «ባር ቻርት» ነው።

የቻርቱን ዓይነት፣ የሚለካውን ነገርና ዋናውን ወሬ ጻፉ። ለምሳሌ፦ «የአዲስ አበባ ወርኃዊ ዝናብ፣ ባር ቻርት። ሐምሌና ነሐሴ ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል።» በቃ። አሥራ ሁለቱንም ወር እዚያ አትጠቅጥቁ፤ ሰሚው መሀል ላይ ይጠፋበታል። ዝርዝሩን ከቻርቱ ሥር በሠንጠረዥ አስቀምጡ። ሠንጠረዥ ስል የምር ሠንጠረዥ ማለቴ ነው፤ የሠንጠረዥ ፎቶ የላኩልኝ አሉ።

ይህን ሁሉ ከሠራችሁ በኋላ በ«ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» አታውጡት! መግለጫው እዚያው ይቀራል፣ ልፋታችሁ ገደል ይገባል። «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ፒዲኤፍ ምረጡ። «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዶክመንት ስትራክቸር ታግስ» ምልክት ይኑርበት።

ምልክት፦ «የቱ መስመር የማን ነው?»

ቀለም ብቻውን ሥራ ተሰጥቶታል። አረንጓዴ ጥሩ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ቀይ ደካማ፤ ሪፖርቱን ባንዲራ የማስመሰል ፍቅር ከየት እንደመጣ እንጃ። ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው። ሰማያዊና ብርቱካናማ ተጠቀሙ፤ ስሙንም መስመሩ ጫፍ ላይ ጻፉት። ነጭ ላይ ቢጫ መስመር ደግሞ ለማንም አይታይ። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ደብሊውሲኤጂ 2.1 ለመስመርና ለባር ቢያንስ 3 ለ1፣ ለተራ ጽሑፍ 4.5 ለ1 ከጀርባው ቀለም ጋር የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። አቋራጭ ከፈለጋችሁ በጥቁርና ነጭ አትሙት፤ ካልተለየ ዳግም ሥሩት።

ምልክት፦ የአማርኛው ርዕስ ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ይነበባል

በድሮ የግዕዝ ፎንት ተጽፏል። ስታዩት «ሀ» ነው፣ ውስጡ ግን የላቲን ኮድ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም በዚያ መጻፍ ምን ይሉታል? ፎንት መቀየር ብቻ አይፈታውም፣ ይባስ ይዘበራረቃል። በመቀየሪያ ፕሮግራም ለውጡት ወይም እንደገና ጻፉት።

ምልክት፦ ቁጥሩ የሚታየው ማውዝ ሲያርፍበት ብቻ ነው

በ«ታብ» ቁልፍ ሞክሩት። ቁጥሩ ጋ ካልደረሰ፣ ሠንጠረዡን ከሥሩ አስቀምጡ።