ኡቡንቱን ከ22.04 ወደ 24.04 ማሳደግ፦ መቼ፣ እንዴት፣ በመሃል መብራት ቢጠፋስ?

ኮምፒውተራችሁን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም ኡቡንቱ ከሆነ፣ «አዲስ የኡቡንቱ ስሪት ወጥቷል» የሚል መልእክት ብቅ ሲል ወዲያው አትጫኑት። አታሳድጉ እያልኩ አይደለም፤ ማሳደግ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ቀኑን መምረጥ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። እኔ የእህቴን የጽሕፈትና የኅትመት ሱቅ ኮምፒውተር አንድ እሁድ ማታ ከ20.04 ወደ 22.04 ሳሳድግ በመሃል መብራት ጠፋብኝ። ዝርዝሩን ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

መቼ?

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። 22.04 ማለት በፈረንጆቹ 2022፣ በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ አዲስ ስሪት ያወጣል፤ በየሁለት ዓመቱ ኤፕሪል ላይ የሚወጣው ግን ኤልቲኤስ ይባላል፣ ለ5 ዓመት የደህንነት ማስተካከያ ይደርሰዋል። በመሃል የሚወጡት 9 ወር ብቻ ነው የሚቆዩት። እንጀራ የምትበሉበት ኮምፒውተር ከሆነ ከኤልቲኤስ ውጭ ያለውን አትንኩ።

20.04 ላይ ከሆናችሁ መደበኛው ድጋፍ በ2025 አልቋል፤ አትዘግዩ። 22.04 እስከ 2027፣ 24.04 ደግሞ እስከ 2029 አላቸው። ስለዚህ 22.04 ላይ ያለ ሰው ማታ እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት የለውም፣ የሥራ ፋታ እስኪያገኝ መጠበቅ ይችላል። ኡቡንቱ ፕሮ የሚባለውንም ብዙ ሰው አያውቀውም። ለግል ጥቅም እስከ 5 ኮምፒውተር ድረስ በነፃ ነው፣ ድጋፉንም ወደ 10 ዓመት ያራዝማል። ዘንድሮ ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም።

አዲስ ኤልቲኤስ በወጣ ሰሞን ግን አትቸኩሉ። 24.04 ኤፕሪል 2024 ነው የወጣው። ከ22.04 ለሚመጡ ሰዎች ግን በሩ የተከፈተው ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ 24.04.1 ሲወጣ ነው። ያኔም ማሳደጊያው ራሱ ላይ ችግር ተገኝቶ ለጊዜው እንደገና ተዘጋ። እንግዲህ ሠሪዎቹ ራሳቸው ቆም ብለው ካዩት እኛን ምን ያስቸኩለናል? «ነጥብ አንድ» እስኪወጣ ጠብቁ፣ ከዚያ በኋላም አንድ ወር ጨምሩበት። በግድ የሚያስጀምር ትእዛዝ ይዘው የሚመጡ ቪዲዮዎች አሉ፤ አትከተሏቸው።

ደግሞ መዝለል አይቻልም። ከ20.04 ወደ 24.04 ለመሄድ በ22.04 በኩል ማለፍ ግድ ነው። ከ20.04 በታች ያላችሁ፣ ፋይላችሁን አውጥታችሁ ከፍላሽ አዲስ ጫኑ። ሦስት ጊዜ ተራ በተራ ከማሳደግ በጣም ይቀላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ፋይሎቻችሁን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ገልብጣችሁ ስታበቁ ሁለት ሦስቱን ከዚያው ከዲስኩ ላይ ከፍታችሁ እዩ። ታይምሺፍትን እወደዋለሁ፣ ሲስተሙን ወደነበረበት ይመልሳል፤ ነገር ግን በራሱ አሠራር የግል ዶክመንታችሁንና ፎቶአችሁን አይዝም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ቀጥሎ 24.04ን ፍላሽ ላይ አድርጉና ሳትጭኑት ሞክሩት። እኔ ለዚህ ቬንቶይን ነው የምጠቀመው፤ አንዴ ፍላሹን ካዘጋጃችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል አይኤስኦ ፋይል (የሲስተም መጫኛ ፋይል) ዝም ብላችሁ ትገለብጡበታላችሁ። ከፍላሹ ሲነሳ ዋይፋይ፣ ድምፅና የስክሪን ብርሃን መሥራታቸውን እዩ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋዩ እምቢ የሚል ከሆነ አሁን ማወቁ ይሻላል።

በእጃችሁ ከሌላ ምንጭ የጨመራችኋቸው ፒፒኤዎች (ተጨማሪ የፕሮግራም ማውረጃዎች) ካሉ ስማቸውን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ማሳደጊያው ያጠፋቸዋል። ዲስካችሁን ኢንክሪፕት ያደረጋችሁ ደግሞ የቡት ክፍሉ (ኮምፒውተሩ የሚነሳበት የዲስክ ክፍል) ጠባብ ስለሚሆን «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» ብላችሁ የድሮ ከርነሎችን (የሲስተሙን ዋና ማዕከል የድሮ ቅጂዎች) አጽዱ። (ትእዛዞቹን በንባባቸው ነው የጻፍኳቸው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ታስገቧቸዋላችሁ።)

ኢንተርኔቱም ይታሰብበት። የሚወርደው በጊጋባይት ነው የሚቆጠረው። ማሳደጊያው ምን ያህል እንደሚያወርድ ነግሯችሁ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው፤ የኢንተርኔት ጥቅላችሁ ካልበቃ «ኤን» ብላችሁ ውጡ፣ ምንም አይነካም።

ማስጀመር

«ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ከዚያ «ሱዶ አፕት ፉል-አፕግሬድ»፣ ሪስታርት። ከዚያ «ሱዶ ዱ-ሪሊዝ-አፕግሬድ»። በመስኮት የሚመጣውንም መጠቀም ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ተርሚናሉን እመርጣለሁ፣ የት ላይ እንደቆመ በግልጽ ይታያል። ከርቀት ሰርቨር ላይ ከሆነ ቲሙክስ (ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራው እንዲቀጥል የሚያደርግ ፕሮግራም) ውስጥ ጀምሩት።

በመሃል አንዳንድ ፋይሎችን እየጠራ «ያንተን ላቆይ ወይስ አዲሱን ላድርግ?» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደነግጠው። ፋይሉን በእጃችሁ የቀየራችሁት ከሆነ፣ ለምሳሌ የሰርቨር የኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) ማስተካከያ፣ የራሳችሁን አቆዩ። ነክታችሁት የማታውቁት ከሆነ አዲሱን ተቀበሉ። ካልተማመናችሁ «ዲ»ን ብትጫኑ ልዩነቱን መስመር በመስመር ያሳያችኋል፣ አንብባችሁ ወስኑ።

መጨረሻ ላይ የማይፈለጉ የፕሮግራም ጥቅሎችን ላጥፋ ይላል። ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ከሆነ እዚህ ጋ እምቢ በሉ። በ22.04 የነበረው ስሪት 14 ነው፣ በ24.04 የሚመጣው 16። ዳታችሁ ግን ራሳችሁ እስክታዛውሩት ድረስ 14 ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ አዛውሩ፣ ከዚያ አጥፉ።

መብራት

የእህቴ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ነው፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) የለውም። ማውረዱ አልቆ መጫን ከጀመረ ሃያ ደቂቃ ያህል ሆኖታል። መስመሮቹ እየተግተለተሉ ሳለ ቤቱ ጨለመ። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመጣ ኮምፒውተሩን አስነሳሁት። ጥቁር ስክሪን፣ ግራ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ሰረዝ፣ ሌላ ምንም የለም። በማግስቱ ሰኞ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያሳትሙ የቀጠረቻቸው ተማሪዎች አሉ። ፋይሎቻቸው ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው፣ እኔም ባክአፕ አላደረግኩም። እህቴ «ልጆቹን ምን እላቸዋለሁ?» ብላ ያየችኝ አስተያየት አሁንም ትዝ ይለኛል።

እንዲህ ከገጠማችሁ አዲስ ለመጫን አትሩጡ። አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ፤ አዲስ ማሽን ከሆነ ኢስኬፕን ነካ ነካ አድርጉ፣ የግራብ ዝርዝር (ምን እንደሚነሳ የሚመረጥበት) ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ግቡና መጨረሻው ላይ «ሪከቨሪ ሞድ» የሚለውን መስመር ምረጡ። ከላይ ያለው አዲሱ ከርነል ካልተነሳ ከሥሩ ያለውን የድሮውን ሞክሩ፣ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። በሚመጣው ዝርዝር መጀመሪያ «ኔትወርክ»ን አስጀምሩ፤ ኢንተርኔቱ ባይያያዝ እንኳ ዲስኩ ላይ መጻፍ እንዲቻል ያደርጋል። ከዚያ «ሩት» ውስጥ ገብታችሁ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» በሉ። የተቋረጠው ሥራ ከቆመበት ይቀጥላል። «ሴቲንግ አፕ» የሚሉት መስመሮች እንደገና መውረድ ሲጀምሩ የተሰማኝን እፎይታ መግለጽ ያቅተኛል። ሲያልቅ «አፕት -ኤፍ ኢንስቶል»፣ ከዚያ «አፕት ፉል-አፕግሬድ»፣ ከዚያ ሪስታርት። ቅሬታ ካሰማ ሦስቱንም ደግማችሁ ሞክሩ፣ አንዱ ያልቻለውን ሌላው ያቃናዋል። እኔ ሌሊቱን አድሬበት ሱቁ በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ አሳድጌ አላውቅም። ዩፒኤስ ከሌለ ከጎረቤት ወይም ከቢሮ ለአንድ ቀን ተዋሱ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ቢያንስ ሁለት ሰዓት መያዙን አረጋግጡ፣ ቻርጀሩ ይሰካ፣ ራሱን እንዳያስተኛም ከሴቲንግ ውስጥ አጥፉት። ቅዳሜ ጠዋት ጀምሩ። ችግር ቢፈጠር ቀኑ ሙሉ የእናንተ ነው።

ሲያልቅ

ሪስታርት አድርጋችሁ ስትገቡ ቴክስት ኤዲተር ክፈቱና «ሰላም ጤና ይስጥልኝ» ብላችሁ ጻፉ። የአማርኛ ኪቦርዱ ካልመጣ ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ እንደገና ጨምሩት፤ እዚያም ከሌለ የአይባስ ኤምሰቨንቲንኤን (የቋንቋ መጻፊያ) ጥቅል ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ መልሳችሁ ጫኑት። ፕሪንተሩን በአንድ ገጽ ሞክሩ። ፓይተን የምትጽፉ ከሆነ ከ3.10 ወደ 3.12 ስለሚያልፍ የድሮዎቹ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቶች አይሠሩም፤ ለመጠገን ጊዜ አታጥፉ፣ አጥፍታችሁ አዲስ ፍጠሩ።

ወረቀት ላይ የጻፋችኋቸውን ፒፒኤዎች አንድ በአንድ መልሱ፣ ለ24.04 የተዘጋጀ ከሌለው ተዉት። የታይምሺፍቱን ቅጂ ለሁለት ሳምንት አቆዩትና ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ ያኔ አጥፉት።