የሻከረ ፕላቲነም እውነተኛ ስፋት

ኤሌክትሮድ አሻክራችሁ የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ከረንቱን በማስመሪያ ለለካችሁት ስፋት አታካፍሉ። ማስመሪያ ጉብታውንና ስርጉዱን አያይም። ፕላቲነም ከሆነ ስፋቱን ከራሱ ማወቅ ይቻላል።

0.5 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አስገቡት። መጀመሪያ ናይትሮጅን በደንብ ንፉበት፤ ውስጡ ኦክስጅን ተርፎ ከቆየ የከረንትና የቮልቴጁ ግራፍ ይንሸራተትና ልኬቱ ይበላሻል። ከዚያ ቮልቴጁን በሴኮንድ 50 ሚሊቮልት ፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች አመላልሱት፣ ግራፉ መለዋወጡን እስኪያቆም ድረስ።

በሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ መለኪያ ከ0.05 እስከ 0.4 ቮልት ባለው ክልል፣ የፕላቲነሙ ገጽ ላይ የተለጠፈው ሃይድሮጅን ሲላቀቅ በግራፉ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ጫፎች ይታያሉ። በግራፉ ላይ ከጫፎቹ ሥር ያለውን ስፋት ቮልቴጁ ለተመላለሰበት ፍጥነት ስታካፍሉ ቻርጁ ይወጣል። ለ1 ካሬ ሴንቲሜትር የሚያዘው 210 ማይክሮኩሎም ነው። 2100 ማይክሮኩሎም ካገኛችሁ፣ እውነተኛው ስፋት 10 ካሬ ሴንቲሜትር ነው ማለት ነው። በማስመሪያ ግማሽ ካሬ ሴንቲሜትር ከነበረ 20 እጥፍ ሻክሯል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ከ0.4 ቮልት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚታየው ጠፍጣፋ ከረንት የሃይድሮጅን አይደለም። ያንን መስመር ወደ ግራ ዘርጉና ከሥሩ ያለውን ቀንሱ። ካልቀነሳችሁ ስፋቱ ከእውነቱ በላይ ያብጣል።

ወርቅ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። እዚያ የኦክሳይዱ ሽፋን ሲነሳ የሚወጣውን ጫፍ ለኩ፤ በካሬ ሴንቲሜትር 390 ማይክሮኩሎም አካባቢ ይያዛል። ፓላዲየም ላይም አትሞክሩት፤ ሃይድሮጅኑን ወደ ውስጥ ስለሚመጥ ቁጥሩ የገጹ ብቻ አይሆንም።