«አፌ ዙሪያ ደነዘዘኝ» ሲሉ፣ መጀመሪያ አንገት እዩ

ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲወርድ መጀመሪያ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጣት ይነዝራል። ቀጥሎ እጅ ይኮማተራል። ጣቶቹ ተገጥመው፣ ጉርሻ ሊያጎርስ እንደተዘጋጀ እጅ ሆነው ይቀራሉ። ከባሰ ጉሮሮ ይጠባል፣ በሽተኛውን ይጥለዋል፣ የልብ ምት ይዛባል።

መነሻው ኩላሊት፣ የቆሽት መቆጣት፣ ብዙ ደም በአንዴ መውሰድ፣ ፀሐይ ያልነካው ሕፃን ሊሆን ይችላል። እኔ ደጋግሜ የማየው ግን የእንቅርት ኦፕራሲዮን ነው። ከእንቅርቱ ጀርባ የምስር ፍሬ የሚያህሉ 4 ዕጢዎች አሉ። ካልሲየምን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ሲሠራ ከተነኩ ጣጣው በ1፣ 2 ወይም 3 ቀን ይመጣል፤ በሽተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ማለት ነው።

አንድ ሌሊት ከፒያሳ አንዲት ወጣት በራይድ አመጧት። አንገቷ በነጠላ ተጠቅልሏል። እናትየው «ቡዳ ነው» ይላሉ፣ ወንድሟ ክብሪት ይዟል። ተረኛው «ጭንቀት ነው» ብሎ ፌስታል ውስጥ ተንፍሺ ብሏታል። ነጠላውን ሳወርደው የእንቅርት ኦፕራሲዮኑ ፋሻ ገና አልተነሳም። በፍጥነት መተንፈስም እጅ ያኮማትራል፣ የሚያሳስተው እሱ ነው። ግን ፌስታሉን ጣሉት!

ካጠራጠራችሁ የግፊት መለኪያውን ክንድ ላይ ከላይኛው ግፊት 20 አሳልፋችሁ 3 ደቂቃ ያዙት። እጁ ጉርሻ ከሠራ ደረሳችሁበት። የእኛ መለኪያ ማጣበቂያው ስላለቀ በእጅ ደግፈን ነው የምንይዘው። ጉንጭ መታ መታ ማድረጉ ጤነኛ ሰው ላይም ምልክት ያሳያል፣ ብዙ አትመኑት። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አንሱ፣ ኪውቲ የሚባለው ክፍተት ይረዝማል። የላቦራቶሪው መመርመሪያ ኬሚካል (ሪኤጀንት) አልቆ ቤተሰብ ናሙናውን ይዞ ውጭ ላቦራቶሪ ቢሮጥም፣ እጅ እየተኮማተረ ውጤት አይጠበቅም። ውጤቱ ሲመጣ አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን አብራችሁ እዩ፤ እሱ ከወረደ ጠቅላላው ካልሲየም በሐሰት ዝቅ ይላል።

ለአዋቂ 10% ካልሲየም ግሉኮኔት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ፣ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ ውስጥ ጨምራችሁ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ስጡ። ሞኒተር ይኑር። ተቻኩሎ መግፋት ልብ ያቆማል። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ቀስ በሉ። አምፑሉን አንብቡ፦ ካልሲየም ክሎራይዱ በተመሳሳይ መጠን 3 እጥፍ ገደማ ካልሲየም አለው። ካኑላው ደህና ደም ሥር ውስጥ ይሁን። እጅ ጀርባ ላይ ባለች ቀጭን ደም ሥር ሰጥተው፣ ፈስሶ ቆዳው የጠቆረ ሰው አክሜያለሁ። ከባይካርቦኔት ጋር በአንድ መስመር አትስጡ፣ ሴፍትሪያክሶን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋርም እንዲሁ። ካልሲየም ሰጥታችሁ እጁ አልፈታ ካለ ማግኒዥየም ወርዶ ይሆናል፤ እሱ ሳይስተካከል ካልሲየሙ ከፍ ብሎ አይቆይም።

በጣም የሚያናድደኝ «ተሻላት» ብሎ መሸኘት ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ሥራው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ወዲያው በድሪፕ ይቀጥል፤ የሚዋጥ ካልሲየምና ካልሲትሪዮልም (ሥራ ላይ ያለው ቫይታሚን ዲ) ይጀመር። ይህን የተማርኩት ራሴ ከሸኘሁት አንድ አባት ነው። ማታ መርቀውኝ ወደ አራት ኪሎ ሄዱ። ተረኝነቴ ሳያልቅ ልጃቸው ደግፎ መለሳቸው፣ እጃቸው እንደገና ጉርሻ ሠርቶ።