መሃል አዲስ አበባ ላይ የሳይስሚክ ጥናት እንዴት ይሠራል፦ መዶሻ፣ 24 ጂኦፎንና የእሁድ ማለዳ

ለሕንፃ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ከመሬቱ በታች ያለውን ለማወቅ ቦርሆል (ጠባብና ጥልቅ የምርመራ ጉድጓድ) ማስቆፈር የታወቀ ነው። ቦርሆል እውነቱን ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ስለዚያች አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። በሁለት ቦርሆሎች መካከል አለቱ ይውረድ ይውጣ የሚታወቀው መሬቱን መትቶ በማዳመጥ ነው፤ ሳይስሚክ ጥናት የሚባለው ይህ ነው።

ዘዴው ባሕር ላይ ለነዳጅ ፍለጋ ከሚሠራው ጋር ዘመድ ነው። እዚያ መርከብ የታመቀ አየር የሚተኩስ ኤር ገን ይዛ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ባለ ሃይድሮፎን (የውሃ ውስጥ ድምፅ ማዳመጫ) ኬብል ከኋላዋ እየጎተተች፣ ሳትቆም ታዳምጣለች። ሁሉንም ሃይድሮፎን ውሃው እኩል ያቅፈዋል። ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ ላይ ግን የመሬቱን ንዝረት የሚያዳምጠው ጂኦፎን አንድ በአንድ በእጅ ይተከላል፣ ምቱ በሰው ክንድ ነው፣ ጎረቤት ሳይት ላይ ደግሞ ሚክሰር ይዞራል።

የሚያስፈልገው፦ የጂኦፎኖቹን ንዝረት የሚመዘግብ ባለ 24 ቻናል ሳይስሞግራፍ፣ ላፕቶፕ፣ 12 ቮልት ባትሪ፣ 24 ጂኦፎን ከሁለት መጠባበቂያ ጋር፣ ባለ 24 መሰኪያ ኬብል፣ 8 ኪሎ መዶሻ፣ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነና 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ብረት፣ ትሪገር ከነሽቦው፣ ባለ 50 ሜትር መለኪያና ናስትሮ። ጂኦፎን የሚገዛ ሰው ባለ 4.5 ኸርትዝ ቢገዛ ይሻለዋል። ባለ 14 ኸርትዙ ለሪፍራክሽን (ከሥር ባለው አለት ታጥፎ ቀድሞ የሚደርሰውን ሞገድ ጊዜ ለመለካት) ጥሩ ነው፤ ለወለል ሞገድ (በመሬቱ ገጽ ላይ ለሚጓዘው) ጥናት ግን ዝቅተኛውን ድምፅ አይሰማም። 4.5ቱ ሁለቱንም ይሠራል፤ ችግሩ ጋደል ማለትን አለመውደዱ ነው፣ ቀጥ ብሎ መተከል አለበት።

መስመሩን በቦታው ሰያፍ ይዘርጉ። 30 በ40 ሜትር የሆነ ቦታ ከጥግ እስከ ጥግ 50 ሜትር ይሆናል። 24 ጂኦፎን በየ2 ሜትሩ ሲተከል 46 ሜትር ይይዛል፣ ልክ ይገባል። በደንብ የሚታየው ጥልቀት የመስመሩ ርዝመት አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ስለሆነ ከ10 ሜትር ብዙም አይዘልም። ሦስት ቤዝመንት ለሚወርድ ሕንፃ ይህ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከመስመሩ ጫፍ 10 እና 20 ሜትር ወጣ ብሎ፣ አስፈላጊ ከሆነም ከቆርቆሮ አጥሩ ውጭ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ መምታት ያስፈልጋል። ለዚህ አስቀድሞ ፈቃድ ይያዝ። የውሃ ቱቦና የመብራት ኬብል የት እንደሚያልፍም ይጠየቅ።

ጂኦፎኑ ሾሉ እስኪያልቅ መሬት ውስጥ ይግባ። ላላ ካለ ከመሬቱ ጋር ሳይሆን ለብቻው ይንቀጠቀጣል። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቅ ውስጥ የቆመ ጂኦፎን ዋጋ የለውም፣ ሃያ ሴንቲ ሜትር ማዛወርና ማዛወሩን መጻፍ ነው። ኮንክሪት ላይ ሾሉን ፈትቶ በጀሶ ማጣበቅ ይቻላል። ኮብልስቶን ላይ ግን ድንጋዩ አሸዋ ላይ ስለተቀመጠ ጀሶው አይረዳም፤ አንዱን ድንጋይ አንስቶ ከሥሩ መትከል ነው። ከቆርቆሮ አጥርና ከባሕር ዛፍ ሥር ራቅ ይበሉ፤ ነፋስ በነካቸው ቁጥር መሬቱን ያንቀጠቅጡታል። የተረፈውን ኬብል ጠቅልሎ መተው አንቴና መሥራት ነው። በክረምት ደግሞ መሰኪያዎቹ ውሃ ላይ እንዳይተኙ ድንጋይ ላይ ከፍ ይደረጉ።

አሁን ትሪገሩ። የአብዛኛው መጥፎ ውጤት ምንጭ ይህ ነው፤ ስህተቱ ስክሪን ላይ ስለማይታይ ቢሮ ተደርሶ እንኳ አይታወቅም።

ትሪገር መዶሻው ብረቱን የነካበትን ቅጽበት ለሳይስሞግራፉ የሚነግር ስዊች ነው። ከመዶሻው ራስ ዝቅ ብሎ እጀታው ላይ ይታሰራል። በናስትሮ ሦስት አራት ዙር ካልጠበቀ በየምቱ ይንሸራተትና ሰዓቱን ያዘገያል። የመዘግየቱን ዋጋ በቁጥር እንየው። ላይኛው አፈር በሴኮንድ 400 ሜትር፣ ከሥሩ ያለው አለት 2000 ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ፣ 5 ሚሊ ሴኮንድ የዘገየ ትሪገር የአለቱን ጥልቀት በ1 ሜትር ያሳስታል። ጫጫታውን ለማሸነፍ አንድ ቦታ ላይ የተመቱ ምቶች መዝገብ ሲደመር ደግሞ ይብሳል፦ አንዱ በ1፣ ሌላው በ4 ሚሊ ሴኮንድ ከዘገየ የመጀመሪያው ሞገድ ጥርት ያለ መነሻ አይኖረውም፣ ይድበሰበሳል።

ሌላው ጣጣ መዶሻው ወደ ላይ ሲነሳ በመነቅነቁ ብቻ ትሪገሩ መቀስቀሱ ነው። ያኔ ስክሪኑ ላይ ባዶ መዝገብ ይመጣል፤ ይህ ስለሚታይ ቀላል ነው፣ የመቀስቀሻውን መጠን ከፍ አድርጎ እንደገና መምታት ነው። ነጥሮ ሁለተኛ ጊዜ የሚያርፈው መዶሻ ይከፋል። መቺው መዶሻውን ብረቱ ላይ እንዲያስቀር ይነገረው፤ ጉልበተኛ ግን የማይታዘዝ መቺ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መፈተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ጂኦፎን ከብረቱ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ይተክሉና ሳይደምሩ አምስት ጊዜ ያስመቱ። የአምስቱ ምቶች የመጀመሪያ መነሻ ከሩብ ሚሊ ሴኮንድ በላይ ከተለያየ ስዊቹ ወይም ሽቦው ተበላሽቷል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ሽቦው እጀታውን የሚለቅበት ቦታ ላይ ነው። ፈተናውን ጠዋት ብቻ ሳይሆን መቺው በተለወጠ ቁጥር መድገም ያስፈልጋል።

ከዚያ ምቱ። ለሪፍራክሽን ናሙናው በየ0.125 ሚሊ ሴኮንድ፣ ርዝመቱ 250 ሚሊ ሴኮንድ ይበቃል። በሁለቱ ጫፍ፣ መሃል ላይ፣ በሁለቱ ሩብ ላይና ከውጭ ባሉት ቦታዎች ይመታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ምቶች ብረቱን መሬት ላይ ለማደላደል ስለሆኑ አይመዘገቡም።

ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫጫታን በብዛት ለማሸነፍ በመሞከር ነው። ምት ሲደመር ጥራቱ የሚጨምረው በቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው፦ 9 ምት ሦስት እጥፍ፣ 16 ምት አራት እጥፍ። ከ16 ወደ 32 ቢወጣ መቺው ይደክማል እንጂ ትርፉ 1.4 እጥፍ ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ ጸጥታ መጠበቅ ያዋጣል። መስቀለኛ መንገድ አጠገብ መብራቱ ቀይ ሲሆን የሚገኙት ሴኮንዶች ይበቃሉ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ የሁለቱም ባቡር በዚያ ያልፋል፤ እስኪርቅ ይጠብቁ። ከሁሉም የተሻለው እሁድ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ምት ታይቶ ይጨመር፤ አንድ የተበላሸ ምት የስምንቱን ድካም ያበላሻል።

የመብራት መስመር 50 ኸርትዝ በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ እኩል እየተመላለሰ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ኬብሉን ከመስመሩ ጋር ትይዩ ሳይሆን አቋርጦ መዘርጋት ይረዳል። ማጣሪያውን ሲመዘግቡ አይክፈቱ፤ በኋላ በኮምፒውተር ማጣራት ይቻላል፣ ሲመዘገብ የተቆረጠው ግን አይመለስም።

ከሳይቱ ሳይወጡ አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ከአንዱ ጫፍ ተመትቶ ሌላኛው ጫፍ ላይ የደረሰበት ጊዜ፣ በተቃራኒው ሲመታ ከሚወስደው ጊዜ ጋር እኩል መሆን አለበት። መንገዱ አንድ ነውና። ካልሆነ ወይ ትሪገሩ ነው፣ ወይ ርቀቱ ተሳስቶ ተጽፏል። በሴኮንድ 340 ሜትር የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ካዩ ደግሞ የመዶሻው ድምፅ በአየር መጥቶ ነው፤ አፈር ነው ብሎ መተርጎም የተለመደ ስህተት ነው።

ጂኦፎኖቹን ሳይነቅሉ የወለል ሞገዱንም ይመዝግቡ፦ ርዝመቱን ወደ 1 ሴኮንድ ከፍ አድርጎ፣ ከጫፉ 5 እና 10 ሜትር ወጣ ብሎ መምታት ብቻ ነው። ይህን የሚዘል ሰው አዲስ አበባን አያውቃትም። የከተማዋ አለት የእሳተ ገሞራ ንብርብር ነው፤ በአንዱ ጠንካራ ንጣፍና በሌላው መካከል ተፍ (tuff) የሚባለው የእሳተ ገሞራ አመድ አለት ወይም የጥንት አፈር ሊገባ ይችላል። ሪፍራክሽን ደግሞ ወደ ታች ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ ብቻ ነው የሚያየው። ጠንካራ ባዛልት ሥር የተደበቀውን ለስላሳ ንብርብር ጨርሶ አያሳይም፤ ከእሱ በታች ያለውንም ከእውነቱ አጥልቆ ያስቀምጠዋል። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ከባዛልቱ የሚመጣው የመጀመሪያ ሞገድ ከጥቂት ጂኦፎኖች በኋላ እየደከመ ይጠፋና ቀጣዩ ዘግይቶ፣ ደረጃ እንደ ወረደ ሆኖ ይጀምራል። ያንን ያየ ቦርሆሉን እዚያው ላይ ያስቆፍር።

በክረምት በሴኮንድ 1500 ሜትር አካባቢ የሚወጣ ፍጥነትም ያደናግራል፤ የተበላሸ አለት ሊሆን ይችላል፣ ውሃ የሞላው አፈርም ሊሆን ይችላል። የወለል ሞገዱ የሚሰጠው የሸር ፍጥነት (መሬቱን ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ሞገድ ፍጥነት) በውሃ እምብዛም ስለማይለወጥ ሁለቱን የሚለየው እሱ ነው።

በመጨረሻ የላይኛው 30 ሜትር አማካይ የሸር ፍጥነት ይሰላል፤ የ2004ቱ (እ.ኤ.አ.) ዩሮኮድ 8፣ የአውሮፓ የመሬት መንቀጥቀጥ ዲዛይን ደንብ፣ የመሬት ዓይነት የሚመድበው በዚህ ነው። አማካዩ በጊዜ እንጂ በፍጥነት አይወሰድም። 5 ሜትር በ180፣ 10 ሜትር በ300፣ 15 ሜትር በ600 የሚያስኬድ መሬት አለ እንበል። ውፍረቱን ለፍጥነቱ አካፍሎ ጊዜውን ሲደምሩ 0.0861 ሴኮንድ ይመጣል፤ 30 ለዚህ ሲካፈል 348፣ ማለትም ዓይነት ሲ ነው። ፍጥነቶቹን በውፍረታቸው አባዝቶ አማካይ የወሰደ ግን 430 ያገኛል፤ ከ360 በላይ ስለሆነ ያው መሬት ዓይነት ቢ ተብሎ ለስትራክቸር መሐንዲሱ ይላካል።