በአሜሪካ ሁለተኛ የሄቢየስ ኮርፐስ አቤቱታ ከማስገባት በፊት ምን ይደረጋል?

በአሜሪካ የስቴት ፍርድ ቤት የፈረደበት እስረኛ ይግባኙን ከጨረሰ በኋላ «የታሰርኩት ሕገ መንግሥቱ ተጥሶ ነው» ብሎ ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚያመለክትበት መንገድ ሄቢየስ ኮርፐስ ይባላል። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 177 «አካልን ነጻ ማውጣት» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ እዚያ ግን ከፍርድ በኋላም ያገለግላል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ኤፕሪል 24 ቀን 1996 የፈረሙት፣ በምህጻሩ ኤድፓ የሚባለው ሕግ፣ ሁለተኛውን አቤቱታ እጅግ አጥብቦታል። ለታሰረ ዘመዳችሁ ወረቀት የምታዘጋጁ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ የድሮውን መዝገብ አስመጡ። ፊተኛው አቤቱታ በምን ምክንያት እንደተዘጋ ሳታውቁ አንድ መስመር አትጻፉ፤ «ሁለተኛ» የሚለው ቃል በወረቀት ብዛት አይቆጠርምና። «በስቴቱ ፍርድ ቤት ያለውን መፍትሔ አልጨረስክም» ተብሎ ከተዘጋ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 እንደወሰነው የሚቀጥለው እንደ መጀመሪያ ይታያል። እስረኛው እንደገና ቅጣት ተወስኖበት አዲስ ፍርድ ካገኘም ያንን አዲስ ፍርድ የሚቃወመው አቤቱታ እንደ መጀመሪያ ይቆጠራል፤ ይህ የ2010 ውሳኔ ነው። የፊተኛው አቤቱታ ገና በወረዳው ፍርድ ቤት (በመጀመሪያ ደረጃው የፌዴራል ፍርድ ቤት) ዳኛ እጅ ካለ ደግሞ ሌላ አታስገቡ፤ እንዲሻሻል ጠይቁ። ውሳኔ ከተሰጠ ወዲህ፣ ይግባኙ ገና እየታየ ቢሆንም፣ አዲስ የሚቀርብ አቤቱታ በጥቅሉ ሁለተኛ ነው ተብሎ በ2025 ተወስኗል።

ቀጥሎ የክርክር ነጥቦቹን ለዩ። በፊት የቀረበ ነጥብ፣ ምንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን፣ ውድቅ ይደረጋል። አዲስ ነጥብ የሚያልፈው በሁለት በር ብቻ ነው። አንዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ማለት ቀድሞ ለተፈረደባቸውም፣ እንዲሠራ ያደረገው አዲስ የሕገ መንግሥት ደንብ ነው። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ወንጀል የፈጸመ ልጅ ላይ ዳኛው ሌላ አማራጭ ሳይኖረው ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት እንዳይፈርድ የከለከለው የ2012 ውሳኔ በ2016 ወደ ኋላ እንዲሠራ ተደርጓል። የዳኝነት ሸንጎ (ጁሪ፣ ከተራ ዜጎች የሚመረጡ ፈራጆች) በሙሉ ድምፅ ይፍረድ ያለው የ2020 ውሳኔ ግን በ2021 ይህን ዕድል ተነፍጓል፤ ለብዙ እስረኞች መራራ ነበር።

ሌላው በር አዲስ ማስረጃ ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብ እንዲጠነቀቅ አጥብቄ እለምናለሁ፦ ምስክር ቃሉን መለወጡ ብቻ አይበቃም። በተገቢ ትጋት ተፈልጎም ቀድሞ ሊገኝ የማይችል እንደነበር፣ በተጨማሪም ሕገ መንግሥቱ ባይጣስ ኖሮ ማንም አስተዋይ ፈራጅ ጥፋተኛ እንደማይለው በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማሳየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማን፣ መቼ፣ የት እንደፈለገና ለምን እንዳላገኘ በቀን በቀኑ ጻፉ።

ከዚያ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት አትሂዱ። ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው፤ ያለ ፈቃዱ የወረዳው ዳኛ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለውም። የፈቃድ ጥያቄውን ከታሰበው አቤቱታ ጋር አያይዛችሁ አቅርቡ። ሦስት ዳኞች ያዩታል፤ ሕጉ በ30 ቀን እንዲወስኑ ይላል። በዚህ ደረጃ የሚጠበቀው አቤቱታው ከሁለቱ በሮች የአንዱን መስፈርት የሚያሟላ መስሎ መታየቱ ነው። እምቢ ካሉ ግን ይግባኝ የለውም፣ ድጋሚ ይታይልኝ ማለትም አይቻልም፤ ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ በዚያው ወረቀት አስገቡ።

የጊዜ ገደቡ አንድ ዓመት ነው። በአዲስ ደንብ ለሚቀርብ፣ መብቱ መጀመሪያ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ እንጂ ወደ ኋላ ይሠራል ከተባለበት ቀን አይቆጠርም። በማስረጃ ለሚቀርብ ደግሞ በትጋት ሊገኝ ከሚችልበት ቀን ይጀምራል። የስቴቱ አቤቱታ በአግባቡ ቀርቦ እስካለ ድረስ ሰዓቱ ይቆማል፤ የፌዴራሉ ግን አያቆመውም። በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት የሕገ መንግሥት መብትም እዚህ የለም። እስረኛው ያለ ጠበቃ ራሱ ከላከ፣ ወረቀቱ እንደገባ የሚቆጠረው ለወህኒ ቤቱ ሠራተኛ እንዲላክለት ባስረከበበት ቀን ነው፤ ያን ቀን በጽሑፍ አስመዝግቦ ቅጂውን ይያዝ።